ወደ ውስጥ የሚነገር አዎ

እንቅልፍ ዛሬም በዓይኔ አልዞር አለ፤ መጋረጃውን ስቤ፣ በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ጆሮዬን በጥጥ ወትፌ፣ ስልኬን በአፍ ጢሟ ደፍቼ፣ እሷ ተኛች እኔ ቀረሁ። ውጭ ሰው ሁሉ ለምሳ ይወጣል፣ የቆሻሻ መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ጢጥ ጢጥ ይላል፣ ከላዬ ያለችው ጎረቤት ወንበር ትጎትታለች፣ ምን እንደምታደርገው እንጃ ያንን ወንበር፣ ከጠዋት እስከ ማታ ስትጎትተው ትውላለች፤ እኔ በሰው አገር ሌሊቱን ሙሉ የሆቴል አንሶላ ሳጥብና ስተኩስ አድሬ ቀን ልተኛ የምታገል፣ አባቴ "የሌሊት ወፍ ወለድኩ" ይላል፣ ይላል ነው ይል ነበር? ይኸው፣ እዚች ጋ ስደርስ ነው ዓይኔ የሚፈጠው። ሰሞኑን አባቴን በ"ነው" ልጥራው በ"ነበር" ሳላውቅ ነው የምኖረው። አባቴ ቁመቱ አጭር ነው። ነበር። አባቴ ሲስቅ ያስላል። ያስል ነበር። ሰዋስው ሰው እንቅልፍ እንደሚነሳ ያስተማረኝ መምህር የለም።

አልጋው እምቢ ሲለኝ ወለሉ ላይ ወረድኩ፣ የዮጋ ምንጣፌ ላይ፤ ክፍሌ ጠባብ ናትና እጄን ስዘረጋ አንዱ የማቀዝቀዣውን በር፣ አንዱ የአልጋውን እግር ይነካል። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ መዳፌን ጉሮሮዬ ላይ አሳርፌ፣ ዛሬ ጠዋት አሰልጣኟ እንዳለችው አየሩን ወደዚያ እልከዋለሁ፣ አየሩ ይሄድና ሳይቀበሉት ይመለሳል፣ እንደ እኔ ማመልከቻ። ጉሮሮዬ ላይ አንድ ነገር ቆሟል። ሽንብራ የምታህል። ብውጣት አትወርድ፣ ብተፋት አትወጣ፣ ልክ አባቴ ከስልክ የጠፋ ሰሞን መጥታ ተቀመጠች።

አባቴ ተራ አስከባሪ ነው፤ መናኸሪያ ውስጥ ሚኒባሶቹን በወረፋ እያቆመ፣ የሚሄዱበትን እየጠራ ተሳፋሪ የሚሞላ፣ በእጁ ሳይሆን በጉሮሮው የሚያድር ሰው። ድምፁ ከመናኸሪያው ተነስቶ፣ አጥሩን ዘልሎ፣ እኛ ቤት ይገባል፤ ልጆች ሆነን እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ጆሮዋን ቀና ታደርግና "ድምፁ ሰለለ፣ ርቦታል ማለት ነው" ትላለች፣ እውነትም ትንሽ ቆይቶ ከች ይላል። ስልክ ላይማ አይጣል ነው! ስልኩን የሚይዘው ለወጉ እንጂ ያለ ስልክም የሚሰማኝ ይመስለኛል። አንድም ቀን አስጨርሶኝ አያውቅም፤ "አባዬ፣ እንደምን…" ስል፣ "ደህና ነኝ እማዬ! አንቺ ደህና ነሽ? ደህና ነሽ! ጎሽ! ብርዱ እንዴት ነው? ልበሺ እንግዲህ! በርቺ!" ብሎ፣ እሱው ጠይቆ፣ እሱው መልሶ፣ እሱው መርቆ ይዘጋዋል። አንዳንዴ ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀምጬ፣ እሱ ሲጮህ እኔ ካልሲዬን አጣምር ነበር፤ እሱ አያውቅም፣ እኔ ግን አሁን ካልሲ ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ያ ድምፅ ድንገት ጠፋ። ቤት ያለችው ታናሽ እህቴ ናት፣ ስደውል እሷ ታነሳለች። መጀመሪያ "አባዬ ተኝቷል" አለችኝ፤ ይተኛ፣ ሽማግሌ ነው አልኩ። ቀጥሎ "ጎረቤት ሊጠይቅ ወጣ" አለችኝ፤ ይውጣ። ቀጥሎ የሱ ስልክ ውሃ ውስጥ ገባ። ቀጥሎ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ "ፀጉሩን ሊስተካከል ሄዷል" አለችኝ። አባቴ መላጣ ነው! ከጆሮ ግንዱ ላይ ካሉት ጥቂት ሽበቶች በቀር እሱ ራስ ላይ መቀስ የሚያገኘው ሥራ የለም። መላጣ መሆኑ እሷም ትዝ ሲላት በስልኩ ውስጥ ሰማኋት። "ማለቴ… ጢሙን" አለች። እሺ፣ ጢሙን። ስልኩን ዘግቼ ቆሜ ቀረሁ፣ ያን ዕለት የገረመኝ ውሸቷ አይደለም፣ ከኋላዋ ያለው ቤት ዝምታ ነው። በኛ ቤት ስልክ ሲደወል ከኋላ የአባቴ ድምፅ ይኖራል፣ እንደ ግድግዳው ነው፣ "ማነው? እሷ ናት? ልበሺ በያት!" የሚል። ግድግዳው የለም።

በእናቴ ጊዜም እንዲህ ነበር የጀመሩት። "ትንሽ አሟታል" አሉኝ። ከዚያ "ሐኪም ቤት ተኝታለች" አሉኝ። ከዚያ "እየተሻላት ነው" አሉኝ፣ እየተሻላት ነው ሲሉኝ ከተቀበረች ቆይታ ነበር፤ እኔ እዚህ በቀብሯ ሰሞን፣ ሲሻላት ትልበሰው ብዬ አዲስ የሌሊት ልብስ እየገዛሁላት። አልፈርድባቸውም፣ ሩቅ ያለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገረውም፣ ደረጃ በደረጃ ነው የሚያወርዱት። ችግሩ እኔ አሁን ደረጃዎቹን አውቃቸዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደውላልኝ የማታውቅ አክስቴ ደወለችና፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ "የኔ ልጅ፣ ብቻሽን ነሽ እንዴ?" አለችኝ። "ብቻሽን ነሽ?" ሲባል ምን እንደሚከተል ማን አጣው! "ሥራ ላይ ነኝ፣ ሰው ከቦኛል!" ብዬ ዘጋሁባት፤ ከቦኝ የነበረው የትራስ ልብስ ነው።

ለጉሮሮዬ ሐኪም ቤት ስደውል ማሽን ነው ያነሳችው፤ ለዚህ አንድን ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ፣ ሽንብራ ለዋጠ ሰው ቁጥር አላስቀመጡም። እንደምንም ደረስኩና ሐኪሙ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ሽቦ በአፍንጫዬ አስገብቶ ጉሮሮዬን ጎበኘው፣ እንደ ሰው ጓዳ። "ምንም የለም" አለኝ። "አለ እኮ፣ ይኸው ቆሟል" አልኩት። "ውጥረት ነው፣ ትተኛለሽ?" አለኝ፣ ሳቄ መጣ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ በነፃ የሚሰጥ ዮጋ አለ፣ እሱን ሞክሪ አለኝ፣ ከሌሊት ሥራ ስወጣ በመንገዴ ላይ ነው። መጀመሪያ ኃጢአት ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ኋላ፣ ሰው ወገቡን ስላፍታታ እግዜር አይቀየምም ብዬ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ።

አሰልጣኛችን ከሲታ ሴት ናት፣ ስትናገር የተኛ ሕፃን አጠገቧ ያለ ይመስላል። እንደሷ አባባል ሰውነታችን ውስጥ ከመቀመጫችን እስከ አናታችን የተደረደሩ ቦታዎች አሉ፣ ቻክራ ይባላሉ፣ ሕይወት በነሱ በኩል ነው ወደ ላይ የሚያልፈው፣ ሰው ያልጨረሰውን ነገር እዚያ ሲያጠራቅም ይዘጋሉ። ለእህቴ ይህንኑ በስልክ ስነግራት፣ አባዬ የት ነው ላለማለት ወሬ እየፈለግኩ ነበር፣ "እህ፣ ሻኩራ? የበቅሎ አንገት ላይ የሚታሰረው ቃጭል? ምነው እታለም፣ ሊጭኑሽ ነው እንዴ?" አለችኝ። እሷ ስትስቅ እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ አባቴ ቢሞት እንዲህ ትስቃለች? ብዬ አሰብኩ፣ ከዚያ ደግሞ እኔን ለማታለል ልትስቅ ትችላለች ብዬ አሰብኩ፣ ሳቋንም ወሰድኩባት።

የመጀመሪያው ሳምንት የሥር ቻክራ ነበር፣ መቀመጫችን ላይ ያለው፣ ቀይ ነው ይላሉ። "እዚህ ነኝ፣ ቦታ አለኝ በሉ" አለችን። አልኩ። የኔ መቀመጫ ግን የመኖሪያ ፈቃዷ እስኪታደስ ነው የምትቀመጠው፣ አንድ ቦታ ላይ ሙሉ ክብደቷን ጥላ አታውቅም፣ አሰልጣኟ መጥታ ትከሻዬን ጫን ብታደርገኝ ምንጣፉ ላይ ጠብ ያልኩ መሰለኝ፣ አሥር ዓመት ያህል ቆሜ ኖሬ የተቀመጥኩ። ከዚያ ከእምብርት በታች ያለው፣ የውሃው፣ የደስታው፤ ወገባችሁን አዙሩ ተባልን፣ የኔ ወገብ እርጥብ አንሶላ ለማንሳት እንጂ ለመዞር እንደተሰጠ ረስቶት ኖሮ ቀጭ አለ፣ ጎኔ የሚሠራው ጡረተኛ አናጢ "የኔ ወገብ መስሎኝ ደነገጥኩ" አለኝ። ከእምብርት በላይ ያለው ደግሞ የእሳት ነው፣ ያልተናገራችሁት ሁሉ እዚያ ይቃጠላል አለች፣ እኔ ያን ጊዜ ለብቻዬ ፈገግ አልኩ፣ እኛ አገር ዮጋ ሳይመጣ "ሆድ ይፍጀው" ስንል የኖርነው ምን ሆነና! እናቴ ሆድ ይፍጀው ብላ ነው የኖረችው። እህቴ አሁን ሆድ ይፍጀው እያለች ነው። ሰው ሆዱ ውስጥ ስንት ዓመት ማንደድ ይችላል? ልብ ጋ ስንደርስ ደረታችሁን ወደ ሰማይ ስጡ፣ ልባችሁን ክፈቱ ተባልን፤ ከፍቼው ማን ይዘጋልኛል ብዬ በግማሽ አደረግኩት።

ከሁሉ የጠላሁት ግን መጨረሻ ላይ ያለውን ነው። በጀርባ ተንጋልሎ፣ እጅን ዘርግቶ፣ ዓይንን ከድኖ ዝም ማለት ነው፣ ስሙን ስጠይቅ "የሬሳ አተኛኘት" አለችኝ። የሰይጣን ጆሮ ይደፈን! ሰው ለቤተሰቡ የፈራውን ነገር ጠዋት ጠዋት ይለማመደዋል? በጎኔ ተኛሁ። አሰልጣኟ ወገቤን ያመመኝ መስሏት ትራስ አመጣችልኝ፣ የማላስረዳት ነገር ነው፣ አመስግኜ ትራሱን አቀፍኩት። አናጢው ከሁላችን ቀድሞ ያንኮራፋል፤ እሱ ሬሳ ተብሎ እንደ ሕፃን ይተኛል፣ እኔ በሕይወት አለሁ ተብዬ አልተኛም።

ዛሬ ጠዋት ጉሮሮ ላይ ደረስን። ሰማያዊ ነው። ከሥራ እንደወጣሁ ነበር፣ ልብሴ የሳሙና ሽታ አለው፣ አዳራሹ ውስጥ ጠዋቱ በትላልቆቹ መስኮቶች ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። አሰልጣኟ እያንዳንዳችን ራስጌ እየተንበረከከች፣ እጇን ከአንገታችን ከፍ አድርጋ ይዛ፣ በዚያ ቀስ ባለ ድምጿ፣ "ሳትናገሪው የቀረ ነገር አለ?" ትላለች። እኔ ጋ ደረሰች። ጠየቀችኝ። እኔም መለስኩላት፣ እንደ ወጉ፣ እንደ አባቴ፣ እንደ እናቴ፣ አዎ ለማለት ሰው ሁሉ እኛ ዘንድ እንደሚያደርገው፣ ትንፋሼን ድንገት ስብ አድርጌ ወደ ውስጥ። እሷ ግን እሳት እንደነካ ሰው እጇን ሰበሰበች! "ትንፋሽ አጠራት!" ብላ ጮኸች፣ ያቺ ድምጿን ከፍ አድርጋ የማናውቃት ሴት፤ አናጢው ከሬሳነቱ ብድግ አለ፣ አንዷ መስኮት ከፈተች፣ አንዷ ውሃ ይዛ ሮጠች፣ አንዱ አምቡላንስ ሊጠራ ስልኩን አወጣ፣ እኔ መሃል ላይ ቁጭ ብዬ "ኧረ ደህና ነኝ፣ አዎ ነው ያልኩት፣ አዎ!" እላለሁ። "እንዴት ነው ይሄ አዎ የሚሆነው?" አለች፣ ልቧን ይዛ። "በኛ ቋንቋ አዎ ወደ ውስጥም ይባላል" አልኳት። አሳየኋቸው። ሁሉም ሞከሩ፣ አዳራሹ ሙሉ ሰው የደነገጠ መሰለ፣ አናጢው ትን አለው። በመጨረሻ አሰልጣኟ ተረጋግታ ሳቀችና፣ "ሰው ሁሉ አዎውን ወደ ውጭ ይሰጣል፣ አንቺ ትውጪዋለሽ ማለት ነው" አለችኝ።

ነገሩ ቀልድ ነበር፣ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። ግን ጫማዬን ሳስር፣ መንገድ ሳቋርጥ፣ ደረጃ ስወጣ፣ መጋረጃ ስስብ አልለቀቀኝም። አዎውን ብቻ ነው እንዴ የዋጥኩት? ጥያቄውንስ? ይኼን ሁሉ ጊዜ እህቴን "አባዬ የት ነው?" እላታለሁ እንጂ "አባዬ አለ?" ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። የት ነው ለሚል ሰው ጎረቤት ነው፣ ፀጉር ቤት ነው ይባላል፤ ጥያቄው ራሱ ለውሸት በር ይከፍታል። የፈራሁት እኔ ነኝ፣ እሷማ በከፈትኩላት በር ነው የገባችው። ሽንብራዋ ይህች ናት። አንድ ቃል ናት። አለ?

ተነስቼ ተቀመጥኩ፣ ስልኬን ገለበጥኩ፣ ደወልኩ።

"እታለም! ምነው በዚህ ሰዓት፣ አልተኛሽም እንዴ?"

"አባዬ አለ?"

"አለ እኮ፣ ትንሽ ጋደም ብሎ ነው…"

"ጋደም አትበይኝ። በናታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ የት ነው አላልኩሽም። አለ ወይስ የለም?"

የላይኛዋ ጎረቤት እንኳ ወንበሯን መጎተት ተወች። ከዚያ እህቴ፣ በቀጭን ድምፅ፣ "ብቻሽን ነሽ?" አለችኝ።

አበቃ። አባቴ አጭር ነበር፣ አባቴ ሲስቅ ያስል ነበር፣ ሁሉም ነበር ሆነ። "ብቻዬን ነኝ" አልኩ፣ "ወለል ላይ ነኝ፣ ከዚህ በታች የምወድቅበት የለም፣ ንገሪኝ።"

"እታለም፣ የአባዬ ድምፁ ሄዷል።"

"ምኑ ነው የሄደው?"

"ድምፁ! ድምፁ ነዋ! እሱማ ይኸው ፊቴ ቁጭ ብሎ፣ ለምን ነገርሻት ብሎ በዓይኑ ሊገለኝ ነው!"

አላመንኳትም። እንዴት ልመን፣ ይሄም ደረጃ ነው፣ ድምፁ ሄደ ይሉሻል፣ ከዚያ ዓይኑ፣ ከዚያ እሱ። እሷ ትለፈልፋለች፣ ድምፁ እየጎረነነ ሄዶ ሄዶ ነው፣ ጉሮሮው ላይ እባጭ ተገኘ፣ ወጣ፣ ሐኪሞቹ ክፉ ዓይነት አይደለም ብለዋል፣ ድምፁን ግን ይመለስ አይመለስ አናውቅም አሉ፣ ሹክ ማለት እንኳ ተከልክሏል፤ ለቀዶ ሕክምናው ሊገባ ሲል "ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ ሥራዋን ጥላ ትመጣለች" ብሎ አስማለኝ፣ ያቺ የመጨረሻ ንግግሩ ናት፣ እንዴት አድርጌ ልስበራት? እኔ አልሰማትም። "ምስሉን አሳዪኝ" እላታለሁ። "ኔትወርኩ ምስል አይጎትትም፣ ደግሞ ፋሻ አለው፣ በዚህ መልኬ አትየኝ ብሎ በእጁ ይከለክለኛል።" "እሺ ስልኩን ስጪው።" "ሰጥቼው ምን ብሎ ይመልስልሻል?" "ጆሮው ላይ አድርጊለት!"

ኮሽ ኮሽ አለ። ከዚያ ሩቅ ዶሮ ሰማሁ፣ የኛ ግቢ የብረት በር ሲንጓጓ ሰማሁ።

"አባዬ" አልኩ። "እኔ ነኝ። ትሰማኛለህ?"

መጣች። ትንፋሽ፣ ስብ ተደርጋ፣ ወደ ውስጥ። ድምፅ የላትም፣ አያስፈልጋትም፣ ከአየር በቀር ምንም አትፈልግም። ሰው ሁሉ ያደርጋታል፣ እሱ ግን ስቦ ሲጨርስ ምላሱን ጠቅ የሚያደርጋት ነገር አለችው፣ እሷን በየትኛውም ዓለም ማንም አያስመስልለትም። "አባዬ፣ አንተ ነህ?" ስብ፣ ጠቅ። "በልተሃል?" ስብ፣ ጠቅ። "ያምሃል?" ዝም፤ አይደለም ማለቱ ነው፣ አይደለም ወደ ውስጥ አይባልማ። "ተናደሃል?" ስብ፣ ጠቅ፣ ጠንከር ብላ። "ፀጉርህን ተስተካከልክ?" እዚህ ላይ አየር ከሆነ ቦታ እንደሚያፈስ ጎማ ፍስስስ አለ፣ እየሳቀ ነው፣ አባቴ እየሳቀ ነው፣ ነው፣ ነው፣ ነበር የሚባል ነገር የለም! ምንጣፉ ላይ ተንበርክኬ ግንባሬን ወለሉ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ፣ ይሄም አንዱ የዮጋ አቀማመጥ ነው፣ የሕፃን ይሉታል።

እህቴ ስልኩን ስትቀበለው ሁለታችንም እያለቀስን ተሰዳደብን፣ ደስ የሚል ስድብ። "መላጣ ሰው ፀጉር ቤት ትልኪያለሽ፣ ውሸት እንኳ አትችዪም!" አልኳት። "ምን ላድርግ፣ ያ ብቻ ነው የመጣልኝ፣ ስልኩን እንደዘጋሁ አባዬ ራሱን እያሻሸ አፍጦብኝ ዋለ" አለችኝ። "አክስቴስ? ብቻሽን ነሽ ያለችኝ?" ስላት ትንፋሿ እስኪያጥራት ሳቀች፤ ለካ አክስቴ ሚስቱ የሞተችበት አንድ የተከበረ ነጋዴ አግኝታልኝ ኖሯል፣ ብቻሽን ነሽ ያለችኝ አግብተሽ እንደሆነ ልታጣራ ነው! "ሰው ከቦኛል ብላኝ ዘጋችብኝ፣ ምን ዓይነት ኑሮ ነው የምትኖረው?" ብላ ለዘመድ ሁሉ አውርታለች አሉ። ይሁን፣ ይክበበኝ። የሞተ የለም። ስሜ ብቻ ነው የሞተው፣ እሱ ደግሞ ይነሳል። ምራቄን ዋጥኩ፣ ሽንብራዋን ፈለግኳት፣ እንደገና ዋጥኩ፣ የለችም። ቻክራው ይሁን፣ አባቴ ይሁን፣ ልቅሶው አጥቦ ወስዷት ይሁን ማን ያውቃል፤ አሰልጣኟ ብትጠይቀኝ የእሷ ነው እላታለሁ፣ ደስ ይበላት። ትከሻዬ ወረደ፣ ሙሉ ሰውነቴ ከብረት ሰንሰለት እንደተፈታ ከብት ቀለለኝ፣ ብርድ ልብሱን ከመጋረጃው ላይ አወረድኩት፣ ብርሃን ገባ፣ ይግባ።

"ስልኩን አምጪ እያለ በእጁ እያሳየኝ ነው" አለች እህቴ። "ጭኑ ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ አድርጌለታለሁ፣ አውሪው።"

ላውራ። እኔ ላወራ ነው፣ አባቴ ሊሰማ ነው፣ ዓለም ተገለባበጠች። "ደህና ነኝ አባዬ" አልኩ፣ እንደ ልማዴ፤ ከዚህ በኋላ የሚቀጥለው እሱ ነበር፣ ቦታውን ለቅቄ ጠበቅኩ፣ ማንም አልገባበትም። እኔው ገባሁበት። "ማለቴ፣ ደህና ነኝ ስልህ የኖርኩት ሁልጊዜ ደህና ሆኜ አይደለም፣ አንተ ብርዱ እንዴት ነው ብለህ መልሱን ሳትሰማ ስለምትዘጋ ነው፣ ብርዱ ክፉ ነው አባዬ፣ ግን ይለመዳል፣ ከብርዱ ይልቅ የሚከፋው አንሶላው ከማሽን ሲወጣ ያለው ሙቀት ነው፣ ጣቶቼን ብታያቸው አታውቃቸውም፣ ክፍሌ ትንሽ ናት፣ እንግዳ ቢመጣ አንዳችን መቆም አለብን፣ እንግዳ ደግሞ አይመጣም፣ እማዬ የሞተች ጊዜ ማንም አላለቀሰልኝም፣ ማለት አብሮኝ ያለቀሰ የለም፣ በማግስቱ ሥራ ገባሁ፣ አንተንም ሰሞኑን አልቅሼልሃለሁ፣ ማንም ሳይነግረኝ፣ የትራስ ልብስ የምናስቀምጥበት ክፍል ገብቼ፣ አትቆጣኝ፣ ምን ላድርግ ድምፅህ ጠፋብኝ፣ ዮጋ ጀምሬያለሁ ደግሞ፣ ሬሳ ሁኚ ሲሉኝ እምቢ አልኩ…" እያልኩ እያልኩ ስንት እንዳወራሁ አላውቅም፣ ድንገት የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ገባና ደነገጥኩ፣ በሕይወቴ አባቴ ፊት ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሽማግሌ ነው፣ ታሟል፣ ሆዱን አባባሁት፣ ይበቃዋል ብዬ ቀጥ አልኩ።

ከወዲያ ምንም የለም።

"እታለም፣ ምነው ዝም አልሽ?" አለች እህቴ።

"ሰለቸው ብዬ ነዋ። ምን እያደረገ ነው?"

"በእጁ እያናገረሽ ነው። ያን መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ መኪኖቹን የሚያሳልፍበትን ምልክት፣ መዳፉን ወደ ፊት፣ ወደ ፊት እያደረገ።"

"እኮ፣ ምን ማለቱ ነው?"

"ምን ይላል፣ 'ተራሽ ነው፣ እለፊ' ይልሻል እንጂ።"